በማዕዘኑ ሥር የያዝኩት ሳር

ይህን እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ሚስቴ አታውቀውም። ልጆቼ አያውቁትም። ለንስሐ አባቴ ስናዘዝ እንኳ ትንንሹን ኃጢአት እየቆነጠርኩ፣ የተሳደብኩትን፣ ጾም የገደፍኩትን እየደረደርኩ፣ ይህን አንዱን ከምላሴ ሥር ሸሽጌ ነው ወደ ቤቴ የምመለሰው። እሳቸውም ምስኪን «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይሉኛል። የቱን ነው የሚፈታልኝ? ያላሳየሁትን ቋጠሮ?

እንግዲህ ዛሬ በእናንተ ፊት ቆሜያለሁ። ስታነቡ እንዳትቸኩሉልኝ እለምናለሁ። እንዳታዝኑልኝ ደግሞ ከዚያ የበለጠ እለምናለሁ።

ማርቆስ እባላለሁ። በአርባ ምንጭ የድሮ ቦክስ ከተነሣ ሰው ወደ እኔ ነው የሚላከው። በወጣትነቴ ትንሽ ተጋጥሜያለሁ፣ ከዚያ ፎጣና ባልዲ ይዤ ከገመዱ ሥር ተቀምጫለሁ፣ ቀጥሎም ጸጉሬ እስኪሸብት አሰልጣኝ ሆኜ ኖሬያለሁ። ማን ማንን በስንተኛው ዙር እንደጣለ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም ይባላል። እውነት ነው፤ የለም። ችግሩም እሱ ነው። እኔ ያልኩት ታሪክ ሆኖ ይቀራል።

ባለፈው ክረምት ሰላማዊት የምትባል አዲስ ተመራቂ ቤቴ መጣች። የከተማችንን የድሮ ቡጢኞች ታሪክ በትንሽ መጽሐፍ ልታወጣ ደብተር ይዛለች። ከላይ ጀምራ እየጠየቀችኝ፣ እኔም እየተኩራራሁ ስመልስ ቆየንና ከባድ ሚዛን ላይ ደረስን።

«ጋሼ፣ ኦይቻ ዛማ የሚባል ነበር አሉ። ምን ዓይነት ቦክሰኛ ነበር?» አለችኝ።

«ጉልበት ነበረው» አልኳት። «ልብ ግን አልነበረውም።»

ዝቅ ብላ ጻፈችው። እስክሪብቶዋ ሲንቀሳቀስ አየሁ። «ቆይ፣ ሰርዢው» ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ሻይ ጨምሬ ቀዳሁላት።

ልብ አልነበረውም። እስቲ ይህን ልብ ያልነበረውን ሰው ልንገራችሁ።

ኦይቻ እንደ እኔ የኦቾሎ ልጅ ነው። ከዚያ ከተራራው ጫፍ፣ ከአባያ ሐይቅ በላይ ከተሰቀለው መንደራችን ወርዶ ጫሞ ላይ ዓሣ ያጠምድ ነበር። ከቀላል እንጨት በታሰረ ታንኳ ላይ ቆሞ፣ አዞ በሚያዛጋበት ውኃ፣ ቀኑን ሙሉ መረብ ይስባል። በሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው፣ መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ። ሲቀላ ገበያ ዳር ከፒክአፕ ላይ ዓሣ ሲያወርድ አየሁት። ሌላው ሁለት ሆኖ የሚሸከመውን እሱ ብቻውን ተሸክሞ፣ ሰው እንዳይነካ እየተጠነቀቀ፣ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለ ያልፋል። ያን ዕለት ወደ ሴቻ፣ ወደምንለማመድበት ግቢ ይዤው የወጣሁት እኔ ነኝ። እጁን በጨርቅ ጠቅልዬ ጓንት ያጠለቅኩለት እኔ ነኝ። ግራ እግሩን አስቀድሞ እንዲቆም ያሳየሁት እኔ ነኝ። ወዳጄ ነበር።

ሰዉ ስለ እሱ የሚያወራው ጉልበቱን ብቻ ነው። ከባድ ሚዛን በአገራችን ጥቂት ስለሆነ «ተቃዋሚ አጥቶ ነው ያሸነፈው» የሚሉም አሉ። ምን ያህል ተሳስተዋል! ተጋጣሚ ፍለጋ በጭነት መኪና ላይ ተጭነን ወላይታ ሶዶ ወጥተናል፣ ጂንካ ወርደናል። ያገኘነውን ሁሉ ገጥሟል። ታንኳ ላይ ቆሞ ያደገ ሰው ሚዛኑን አይስትም፤ ሲመቱት ወደ ኋላ አይሸሽም፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ቀኝ ይልና የመጣው ቡጢ በጆሮው በኩል ያልፋል። ወዲያው ግራ እጁ ይደርሳል። አጭር ነበረች፣ ለሕዝብ አትታይም፣ የቀመሳት ብቻ ነው የሚያውቃት። ሶዶ ላይ ከአንድ ግዙፍ ወታደር ጋር ሲጋጠም የጎኑ አጥንት ተሰንጥቆ ነበር። ከሁለት ቀን በፊት ታንኳው ተገልብጦ ነው። ለዳኞቹ እንዳልናገር አስምሎኝ ጎኑን ያሰርኩለት እኔ ነኝ። ሦስቱንም ዙር ቆሞ አሸነፈ። ልብ ያልነበረው ሰው ይኼ ነው።

አንድ ልማድ ነበረው። የተጋጣሚው ጉልበት ሲከዳው ካየ እጁን ይሰበስብና ወደ ዳኛው ይመለከታል። «ጨርሰው!» ብዬ እጮህበታለሁ። አይጨርሰውም። ያን ጊዜ ፈሪ ነው ብለን ሳቅንበት። ፍርሃት አልነበረም፤ አስተዳደግ ነው። አንድ ቀን ልምምድ ጨርሰን ስንቀመጥ በጋሞኛ እንዲህ ብሎኛል፦ «ማርቆስ፣ ከዚህ ሰው ጋር አልተጣላሁም። መሐል ላይ ሽማግሌ ሳር ቢይዝብኝ ምን አደርጋለሁ?» ሳቅኩ። «ቦክስ ላይ ሳር የለም» አልኩት። እሱም ሳቀ። «ካየሁ ግን እኔ ሳላዘው እጄ ራሱ ይወርዳል» አለኝ።

በእኛ አገር ሰው ሲጣላ ሽማግሌ እርጥብ ሳር በሁለት እጁ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ከመሐል ይንበረከካል። ሳሩን ያየ ጦር ይዞ ቢሆን ጦሩን ያወርዳል። ወንድሙ የተገደለበት እንኳ ቢሆን ያወርዳል። ሳር ተይዞ እያየ የመታ ሰው ከዚያ በኋላ ከሰው አይቆጠርም። አባቴ ሳር ከሚይዙት ሽማግሎች አንዱ ነበር። ስንት ጊዜ ከጀርባው ቆሜ አይቻለሁ፤ ጉልበቱ መሬት ሲነካ ጩኸቱ ሁሉ ቀጥ ሲል። ስለዚህ አላወቅኩም ነበር ማለት አልችልም። ከከተማው ሰው ሁሉ አብልጬ የማውቀው እኔ ነበርኩ።

ታዲያ ምን ሆንኩ? ምን አደረገኝ ይህ ሰው?

ጣለኝ። በቃ፣ ይኼው ነው። እኔም በከባድ ሚዛን ተስፋ ነበረኝ። አንድ እሑድ ልምምድ ላይ ተጋጠምንና ያቺ አጭር ግራ አገጬ ላይ አረፈች፤ ዓይኔን ስገልጥ ግቢው ውስጥ ያሉት ሁሉ ጉልበታቸውን ይዘው ይስቃሉ። ኦይቻ ብቻ አልሳቀም። አቀፈኝ፣ አፈሩን ከጀርባዬ አራገፈልኝ፣ ሰው እየሰማ «ይቅር በለኝ ወንድሜ» አለኝ። ቢስቅብኝ እረሳው ነበር። ይቅርታ ስለጠየቀኝ ጠላሁት። ሰው በዚህ ይጠላል? እኔ ጠላሁ።

ከዚያ በኋላ ጓንት አላጠለቅኩም። ፎጣና ባልዲ ያዝኩ። ኦይቻም ብዙ ሳይቆይ ከግቢያችን ወጣ፤ አሰልጣኛችን ከሌላ አገር የመጣ ኃይለኛ ሰው ነበር፣ «ይህ ዓሣ አጥማጅ ሰዓት አያከብርም» ብሎ አባረረው። መረብ የሚነሣበትን ሰዓት ሐይቁ እንጂ እሱ አይወስንም ነበር። አንድ ቃል ልናገርለት ስችል ዝም አልኩ። ብቻውን በጫሞ ዳር አሸዋ ላይ እየሮጠ መለማመዱን ቀጠለ።

ከዓመት በኋላ ለዞኑ ቡድን ምርጫ መጣ። ከባድ ሚዛን ላይ ሁለት ሰው ብቻ ቀረ፦ የእኛው በላቸው የሚባለው ጎማ ሠሪና ኦይቻ። ያሸነፈ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ እዚያ የታየ ክለብ ይቀጠራል፣ ከሐይቅ ይወጣል። አሰልጣኛችን ጠርቶ፣ በላቸው ካለፈ ረዳቱ እንደሚያደርገኝ ነገረኝ። ክፉ ነገር አድርግ አላለኝም። ስለ ሳርም የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ይህን ሸክም ለእሱ ላካፍል አልችልም፤ ብችል ደስ ባለኝ።

የውድድሩ ቀን ጠዋት ከሴቻ ወደ ሲቀላ ቁልቁል ስወርድ ከመንገዱ ዳር ቦይ አጠገብ ቆምኩ። ለምለም ሳር በቅሏል። አንድ እፍኝ ነጨሁ። ባልዲው ውስጥ ከስፖንጁ ሥር አደረግኩትና ውኃ ጨመርኩበት። ለምን እንደነጨሁት ለራሴ አልነገርኩትም። «ምናልባት» እንኳ አላልኩም። እጄ ያውቅ ነበር፣ እኔ ግን እንዳላወቀ ሰው እያፏጨሁ ወረድኩ። ስለዚህ ድንገት ስሜታዊ ሆኜ ነው አልላችሁም። ሳሩ ከጠዋት ጀምሮ አብሮኝ ነበር።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሰው መስኮት ላይ ተንጠልጥሏል፣ የቆርቆሮው ሙቀት ከላይ ይጋረፋል። ሪንጉ የተሠራው መድረኩ ላይ ስለነበር ሕዝቡ ከፊትና ከጎን ነው የሚያየው። የእኛ ማዕዘን ከኋላ ነው፣ ከግድግዳው ጋር። ከኋላዬ ማንም የለም። ዳኞቹ ከፊት ተቀምጠዋል። ይህን ሁሉ ስገባ ነው ያየሁት።

የመጀመሪያውን ዙር ኦይቻ ወሰደ። ሁለተኛውንም ወሰደ። የጫሞ ልጆች ግድግዳውን እየደበደቡ ስሙን ይጠራሉ። በላቸው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ትንፋሹ ተቆራርጧል። አሰልጣኙ ጆሮው ሥር ይጮህበታል፣ እኔ በስፖንጅ ራሱ ላይ ውኃ አፈስሳለሁ። ጣቶቼ በየጊዜው ሳሩን ይነካሉ። ይቀዘቅዛል። ደወሉ ተደወለ፣ ወንበሩን ሳብኩ፣ አሰልጣኙ ከገመዱ ወርዶ ሊያይ ወደ ጎን ሄደ። እኔ ማዕዘኑ ሥር ብቻዬን ቀረሁ።

ሦስተኛው ዙር ግማሽ ሳይሞላ ኦይቻ በላቸውን እየነዳ ወደ እኛ ማዕዘን አመጣው። ገመዱ ላይ ለጠፈው። የበላቸው ጀርባ እላዬ ላይ ነው፤ ላቡ ይንጠባጠብብኛል። ዳኛው በቀኝ በኩል ነው። ከአንድ ቡጢ በኋላ ያልቃል። ሁሉም አውቆታል፣ አዳራሹ ትንፋሹን ይዟል።

ፎጣዬን ራሴ ላይ ጣልኩ። ተንበረከኩ። ሳሩን በሁለት እጄ ያዝኩ። አንገቴን ደፋሁ። ልክ አባቴ እንደሚያደርገው። ከታችኛው ገመድ ሥር አሳልፌ፣ ከበላቸው እግር አጠገብ፣ ወደ ላይ ዘረጋሁት።

ኦይቻ ፊቴን አላየውም። ሳሩንና ሁለት እጆች ብቻ ነው ያየው።

ቀና ብዬ አላየሁም፤ ግን ጸጥታውን ሰማሁት። ከዚያ የበላቸውን ቡጢ ድምፅ። አንድ። ሁለት። ኦይቻ ሲወድቅ አልሰማሁም። በሦስተኛው ነው ጉልበቱ ወለሉን የነካው። ሳሩን ወደ ባልዲው መልሼ፣ ፎጣዬን ገፍፌ ቀና ስል፣ ኦይቻ ሁለት እጁ ወርዶ በጉልበቱ ቆሟል። ዓይኑ ጥርት ያለ ነው። መነሣት የሚችል ሰው ነበር፣ ማንም ያየው ያውቃል። ዳኛው እየቆጠረ ነው፤ እሱ ግን ሳሩ የነበረበትን ቦታ ያያል። ማንን ሊሰማ ነው የሚጠብቀው? ሽማግሌው እንዲናገር ነው የሚጠብቀው። በእኛ ሥርዓት ሳር የያዘው ሰው ነው ቀድሞ የሚናገረው።

እኔ አልተናገርኩም። ዳኛው አሥር አለ።

«ፈሪ!» ብሎ የጀመረው ከመስኮቱ ያለ ሰው ነበር። ከዚያ አዳራሹ ሁሉ ተቀበለው። የጫሞ ልጆች እንኳ። ባልዲዬን ይዤ በጓሮ በር ወጣሁ። አንዲት ፍየል ቆማ ነበር፣ ሳሩን ጣልኩላት፣ በላችው። ማስረጃው ሲታኘክ ቆሜ አየሁ።

እዚህ ላይ ብቻ ቢያበቃ ምናልባት ከዓመት በኋላ እነግረው ነበር እላለሁ። ውሸቴን ነው። ከዚህ የባሰውንም ሠርቻለሁና።

ወሬው ኦቾሎ ደረሰ። የኦይቻ ዘመዶች አፈሩ፤ እናቱ ገበያ መውጣት ተወች፣ «እጅ የሰጠው ልጅ እናት» እያሏት። ምን ነካህ ብለው ሲይዙት «ሳር አየሁ» አለ። ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ በአዳራሽ ውስጥ፣ ሳር! ሰው ሳቀ። ግማሹ በቡጢ ብዛት አእምሮው ተናግቷል አለ። ግማሹ ደግሞ ነገሩን አክብዶ ያዘው፤ የሌለ ሳር ያየ ሰው ጎሜ አለበት አለ። ጎሜ ማለት የማይደረገውን ማድረግ ነው፤ ያደረገው ሰው በአደባባይ ካልተናገረው መዘዙ በቤቱና በከብቱ ይዞራል ይባላል።

ሽማግሎቹ ዱቡሻ ተቀመጡ። ዱቡሻ የድንጋይ መቀመጫ የተደረደረበት የመንደራችን አደባባይ ነው፣ ነገር የሚሰማበት። እዚያ ሰው ይጣላል፣ ይሳደባል፣ ያለቅሳል፤ አይዋሽም ግን። ከማዕዘኑ ቅርብ የነበርኩት እኔ ስለሆንኩ ላኩብኝ። ወጣሁ። አባቴ ከሽማግሎቹ መካከል ተቀምጧል። ኦይቻ ከፊት ለፊቴ ቆሟል፣ ቅንድቡ ገና አልዳነም።

ጠየቁኝ። ኦይቻ ሳር አየሁ ይላል፤ አንተ አይተሃል ወይ?

«አላየሁም» አልኩ።

«አልነበረም» አላልኩም፣ ልብ በሉ። አንገቴን ደፍቼ ስለነበር ሳሩ ሲዘረጋ በዓይኔ አላየሁትም። ይህችን ሽንቁር ሌሊቱን ሙሉ ሳበጃት አድሬ ነው የወጣሁት። እግዚአብሔርን በሰዋስው ላታልል! ደግመው ጠየቁኝ፤ ደግሜ አላየሁም አልኩ።

ኦይቻ ፊቱን አዞረና አየኝ። እዚህ ላይ ቢቆጣ፣ ቢሰድበኝ፣ «እጆቹ ያንተ ነበሩ» ቢለኝ ኖሮ እናዘዝ ነበር ይሆናል። አልተቆጣም። አመነኝ። ወዳጁ ዱቡሻ ላይ አይዋሽማ! እኔን ከሚጠረጥር የገዛ ዓይኑን መጠርጠር ቀለለው።

ስንበተን አባቴ እስከ መንገዱ ሸኘኝ። ክንዴን ይዞ «ጥሩ አደረግህ ልጄ። ለወዳጅህ ብለህ አልዋሸህም» አለኝ። በሕይወቱ ያመሰገነኝ ጥቂት ጊዜ ነው፣ አንደኛው ይኼ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንዳመነኝ ሞተ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ኦይቻ ራሱ ዱቡሻ ላይ ቆመ። የሌለ ሳር ያሳየው ጥፋት የቱ እንደሆነ ስላላወቀ ከልጅነቱ ጀምሮ ያጠፋውን ሁሉ ለቀመ። የአጎቱን የወሰን ድንጋይ አንድ ጫማ ያህል ገፍቷል። ታናሽ ወንድሙን በተናደደ ጊዜ መትቶታል። የሌላ ሰው መረብ ላይ የተያዘ ዓሣ ወስዷል። እናቱ ላይ አንድ ቀን ጮኋል። በዚያ ግዙፍ ሰውነት ውስጥ ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጥኖ፣ ሲናገር፣ ሲያስታውስ፣ «ሌላም ካለ አሳዩኝ» ሲል ቆየ። በግ አረደ። እርቅ ወረደ ተባለ፣ ሥጋው ተከፋፈለ።

እኔም ደረሰኝ። በላሁት። ያን ሥጋ በልቻለሁ። የእኔን ጎሜ በእሱ በግ አስወርጄ፣ አጥንቱን ጋጥኩ።

በላቸው አዲስ አበባ ሄዶ በመጀመሪያው ግጥሚያ ተሸንፎ ተመለሰ፣ ጎማውን መሥራት ቀጠለ። እኔ ረዳት አሰልጣኝ ሆንኩ። ኦይቻ ጓንት ዳግም አልነካም። «በዓይኔ ካልተማመንኩ እንዴት ሰው እመታለሁ?» ብሏል አሉ። ወደ ሐይቁ ተመለሰ።

መዘዙን ስጠብቅ ኖርኩ። ልጄን ሲያተኩሰው «መጣ» እላለሁ፤ በማግሥቱ ይድናል። ላሜ ስታምጥ «አሁን» እላለሁ፤ መንታ ትወልዳለች። ምንም አልደረሰብኝም። ቤቴ ተሠራ፣ ልጆቼ ተማሩ፣ ሰው ጋሼ ይለኛል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔ እያደር ከበደ። ቅጣት ቢመጣ ኖሮ ከፈልኩ ብዬ እተኛ ነበር።

ሰላማዊት ከሄደች ከሳምንት በኋላ ወደ ጫሞ ዳር ወረድኩ። ምን ልሠራ እንደሆነ አላውቅም። ኦይቻ ዛፍ ሥር ተቀምጦ መረብ ይጠግናል፤ አንድ ዓይኑ ጠፍቷል፣ ጀርባው ግን አሁንም እንደ በር ሰፊ ነው። ሲያየኝ ከልቡ ደስ አለው። ልጆቼን በስም በስም ጠየቀ። ትልቁን ቆሮሶ ዓሣ መርጦ በቅጠል ጠቀለለልኝ። ልነሣ ስል ክሩን እንደያዘ፣ ቀና ሳይል፣ እንዲህ አለኝ፦

«ማርቆስ፣ አረጀን እንግዲህ። አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እንዳትቆጣ። ያኔ አንተ ከሁሉም ቅርብ ነበርክ። ያ ሳር፣ በእውነት አልነበረም?»

ጎረምሳ ሳለን አንድ ጊዜ ጠይቆኛል። አባቴ የሞተ ጊዜ ለቅሶ ላይ መጥቶ ደግሞ ጠይቆኛል። ይኼ ሦስተኛው ነው። ያውቃል ይሆን? በሩን እየከፈተልኝ ይሆን? ወይስ በእውነት ዕድሜ ልኩን በገዛ ዓይኑ ላይ እንደተሰቀለ ነው? የትኛው እንደሚብስ አላውቅም።

«አልነበረም ኦይቻ» አልኩት። በዚህኛው ሽንቁር እንኳ አልተውኩም። ጥርት ያለ ውሸት ነው።

«እሺ» አለ። ወደ መረቡ ተመለሰ። ዓሣውን ይዤ ዳገቱን ወጣሁ።

ዓሣውን መብላት አልቻልኩም። ሚስቴ ጠብሳ አቀረበችው፣ አየሁት፣ ያ በግ ትዝ አለኝና ተነሥቼ ወጣሁ። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ያን ቀን ነው።

ነበረ። ሳሩ ነበረ ኦይቻ። እኔ ነጨሁት፣ እኔ ደበቅኩት፣ እኔ ተንበርክኬ ያዝኩት። ዓይንህ ልክ ነበር። እጅህን ያወረድከው ፈርተህ አይደለም፤ በአዳራሹ ውስጥ ከነበረው ሰው ሁሉ ሰው ሆነህ የተገኘኸው አንተ ብቻ ስለሆንክ ነው። ጎሜ አልነበረብህም። የወሰኑ ድንጋይ አይደለም፣ ዓሣውም አይደለም። በጉ የእኔ ዕዳ ነበር።

ለሰላማዊት አንዱን ቅጂ ሰጥቻታለሁ። አንብባ ስትጨርስ ደብተሯን አውጥታ የእኔን ዓረፍተ ነገር እፊቴ ሰረዘችው፣ «ምን ብዬ ልጻፍ ጋሼ?» አለችኝ። «ተሸንፎ አያውቅም ብለሽ ጻፊ» አልኳት። ሁለተኛውን ቅጂ እኔ እይዛለሁ። በመጪው ስብሰባ ኦቾሎ ወጥቼ ዱቡሻው ላይ፣ አባቴ ተቀምጦበት በነበረው ድንጋይ ፊት፣ ኦይቻ እየሰማ፣ እናቱም በሕይወት አለችና እሷም እየሰማች፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበዋለሁ።

ወጣት ነበርኩ አልልም። ቅናት ነው አልልም፤ ቅናት የሌለው ሰው የለም፣ ሳር የሚነጨው ግን ስንቱ ነው? ይቅርታም አልጠይቅም፤ ከተጠየቀ እንደሚሰጠኝ ስለማውቅ።

ሽማግሎቹን ግን አንድ ነገር አስቀድሜ እለምናለሁ። አንብቤ ስጨርስ ከመካከላችሁ አንዱ እንደ ሥርዓታችን እርጥብ ሳር ይዞ ሊነሣልኝ ይችላል። አባቶቼ፣ እባካችሁ አትነሡ። ሳር ካየ ኦይቻ እጁን ያወርዳል፣ አውቀዋለሁ። በዚያ ቀን መጀመሪያ የልቡን ይናገር። እጁን ማንሣት ከፈለገም ያንሣ። እስኪጨርስ ሳሩን አቆዩልኝ።